ባለስልቶቹና የአያ ሙጬ እሳት

የጋለ ብረት ውሃ ውስጥ ሲነከር የሚወጣውን ሽታ የማያውቅ ሰው ይህን ጽሑፍ ባያነብልኝ ቅር አይለኝም። ለእሱ አልጻፍኩትም። ባለፈው ዓርብ፣ አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ ገበያ ላይ፣ ከእህል ተራው ወረድ ብሎ ማረሻና ማጭድ ከሚሸጥበት ጥግ ያ ሽታ ድንገት አፍንጫዬን ሲመታኝ የያዝኩትን ጨው ልጥለው ምንም አልቀረኝ። ቆሜ ቀረሁ። አንዱ አህያ ነጂ «ኧረ አባቴ፣ መንገዱን!» እያለ በትከሻው ገፍቶኝ አለፈ። እዚያው እንደተገተርኩ ነው ልጅቷ የመጣችው፤ ስልክ በእጇ፣ ቦርሳ በጀርባዋ፣ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ ባጅ። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ የብረታ ብረት አሰልጣኝ የነበሩት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። አይደለሁም ብዬ መሄድ ነበረብኝ፤ ነኝ አልኩ። ስሟ ሕይወት ነው። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምትሠራው ጥናት ስለ ሙያ ትምህርት የማስተማሪያ ስልቶችና ስለ ምርምር አዝማሚያቸው ነው። ርዕሱን ስትነግረኝ አፏን ሞልታ ነው። ስልት! ዕድሜዬን የጨረሰው እሱ አይደል? «በተለይ ሰልጣኞች ለምን እንደሚያቋርጡ ማወቅ እፈልጋለሁ» ብላ ስትጨምርበት ደሜ ፈላ። ቢሆንም ሻይ ቤት ገብተን ተቀመጥን። እውነቱን ልናገርና፣ ልነግራት የፈለግኩት ስለ አንዲት ልጅ ብቻ ነው። የሻረግ የምትባል ሰልጣኝ ነበረችኝ፤ «አቋረጠች» ብለው ጻፉባት። አንድ የተማረ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ አላቋረጠችም ብሎ ሲጽፍልኝ አይቼ ልሙት ብዬ ነው።

ያስተማርኩበትን ማሰልጠኛ ስሙን አልጠራም። ጋይንት ይሁን ስማዳ ወይስ እስቴ አልናገርም፤ ብናገር ነገ ምስክር ወረቀት አሳትመው «የቀድሞ ባለውለታችን» ይሉኛል፤ ወግዱልኝ! ከተማዋን ግን እወዳት ነበር። ሰዎቿን አላልኩም፣ ከተማዋን። ያኔ ሻይ በስሙኒ ይጠጣል። ፓስቲው ከነትኩሳቱ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሰጣል፤ ዘይቱ ጋዜጣውን አርሶት ፊደሉ ፓስቲው ላይ ይታተማል፣ ከነፊደሉ እንበላዋለን። ሰልጣኞቻችን፣ ወንዶቹ ኮንጎ ጫማና ጉልበቱ ላይ የተጣፈ ካኪ ሱሪ፣ ሴቶቹ በቀሚስ ላይ ሹራብ። አውቶቡስ መቆሚያው ጥግ ላይ የአንድ እስላም ነጋዴ ሱቅ አለ፤ ሐጂ እንለዋለን። ላምባ ይሸጣል፣ ባትሪ ድንጋይ ይሸጣል፣ ካሴትም ይሸጣል። አንድ የክራር ካሴት ነበረው፤ ቀኑን ሙሉ ስለሚያጫውተው ክሩ ሳስቶ ዘፋኙ ያለቅሳል እንጂ አይዘፍንም፤ እኛ ግን እስክስታችንን እንወርድበታለን። ዛሬ እዚያ ጥግ ላይ የጆሮ ማዳመጫ የሚሸጥ ጎረምሳ ተቀምጧል፤ ዘፈኑን ጆሮው ላይ ሰክቶ ለብቻው ራሱን ይነቀንቃል። ከደብረ ታቦር የምትመጣው አውቶቡስ አቧራ ለብሳ እዚያች ጥግ ላይ ትቆም ነበር፤ በየጊዜው አዲስ የማስተማሪያ ስልት ይዘው የሚላኩብን ባለስልቶችም የሚወርዱት እዚያው ነው።

እኔ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። አባቴ ቀጥቃጭ፣ አያቴ ቀጥቃጭ፣ ታላቅ ወንድሜ አያ ሙጬም ቀጥቃጭ። ሌላ አገር ያደገ ሰው «ታዲያ ምን አለበት?» ይል ይሆናል። እኛ አገር ገበሬው ማረሻውን ከሚሠራለት ሰው ጋር ማዕድ አይቀርብም። ጠይብ ይለናል፣ ቡዳ ይለናል፤ በዓይናችን ሰው እንበላለን ይላል። ክረምት ሊገባ ሲል ግን ማረሻውን ተሸክሞ ደጃችን ይሰለፋል። «እጅህ ይባረክ» ይላል፣ እጃችንን አይጨብጥም። እኔ ተማርኩ፣ ዲፕሎማ ያዝኩ፣ ሰማያዊ ቱታ ለብሼ ተመለስኩ፤ በአባቴ እጅ ቡዳ የነበረው ብረት በኔ እጅ ቴክኖሎጂ ተባለ። መምህር፣ መምህር አሉኝ። ማኅበር ግን የጠራኝ የለም። ሰርግ ሲጠሩኝም ለብቻዬ የምቀመጥበት ወንበር ከጥግ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል፤ እነሱ ክብር ነው ይላሉ። ክብራቸው ይቅርብኝ!

መጀመሪያ የመጣው ባለስልት ክራቫት ያሰረ ቀጭን ሰው ነው፤ «ሠርቶ ማሳየት» የሚባል ይዞ መጣ። አሰልጣኙ ይሠራል፣ ሰልጣኙ ያያል፣ ከዚያ ይሞክራል። ይሁን አልኩ። እሳቱን አነደድኩ፣ ብረቱን አጋልኩ፣ ቀጠቀጥኩ፣ ከዚያ ጉጠቱን ለአንዱ ልጅ ዘረጋሁለት። አይቀበልም። መሬት ላይ እስካስቀምጠው ይጠብቅና ከመሬት ያነሳዋል። ሁሉም እንዲሁ። እናቶቻቸው «ከእጁ እንዳትቀበሉ» ብለው መክረው ልከዋቸዋላ! ባለክራቫቱ ጥግ ላይ ቆሞ ይጽፋል። በኋላ ሪፖርቱ ስብሰባ ላይ ሲነበብ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሰልጣኞች የአሰልጣኙን እገዛ ሳይጠብቁ በራሳቸው ተነሳሽነት መሣሪያ ያነሳሉ፤ ይህም የስልቱን ውጤታማነት ያሳያል።» ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ምን ላድርግ? ስልቱን በቅጡ ሳንለምደው «ይሄ አርጅቷል» ተባልንና ተማሪ ተኮር መጣ። ሰልጣኞቹን ክብ ሠርተው አስቀመጧቸውና ስለጋለ ብረት ቀለም ተወያዩ አሏቸው። ከሰል አልነበረንም፤ ግዢው ሳይፈቀድ ቀርቷል። ተወያዩ። አንዱ ቡድን ቀይ ነው አለ፣ አንዱ ብርቱካናማ ነው አለ፣ በትልልቅ ወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ ለጠፉ፣ ባለስልቱም ፎቶ አነሳ። ብረቱ ከመጋዘን አልወጣም። ይህን ስነግራት ሕይወት ሳቀች። «አሁን እኮ ሲሙሌተር አለ ጋሼ፤ ብረት ሳያስፈልግ በስክሪን መበየድ ያስተምራል» አለችኝ። ብረት ሳይኖር ማስተማሩንማ እኛ ቀድመናችኋል አልኳት።

ከሁሉም ያናደደኝ የትብብር ስልጠና የሚሉት ነው። ስልቱን አይደለም የምጠላው፤ ስልቱስ ደግ ነበር። ማሰልጠኛው ትንሹን ያስተምር፣ ሰልጣኙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሥራው ከምር በሚሠራበት ድርጅት ገብቶ ይልመድ ነው የሚለው። ያው ባለክራቫት ነው ይዞት የመጣው፤ አሁን ቦርጭ አውጥቷል። «በዙሪያችሁ ያሉ ድርጅቶችን ለዩ» አለን። ለየን፤ ወፍጮ ቤት፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ጤና ጣቢያ። እጄን አወጣሁ። «ከገበያው በታች የወንድሜ እሳት በየቀኑ ይነዳል። ማረሻ ይሠራል፣ ማጭድ ይሠራል፣ መጥረቢያ ይሠራል። የብረታ ብረት ሰልጣኞችን እዚያ እናስገባ» አልኩ። ኃላፊያችን ጉሮሮውን ጠርጎ «መምህር፣ ወላጅ ምን ይለናል?» አለ። ባለክራቫቱም የዚሁ አገር ሰው ነውና ነገሩ ገብቶታል፤ ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። «በአካባቢው ለሙያው ተስማሚ ድርጅት አልተገኘም» ብሎ ጻፈ። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ እሱ ሲጽፍ የአያ ሙጬ መዶሻ ጥርት ብሎ ይሰማል። እንግዲህ የብረታ ብረት ሰልጣኞቼ አንዱ ወፍጮ ቤት ዱቄት ጠራጊ፣ አንዱ ጤና ጣቢያ ካርድ አመላላሽ፣ የሻረግ ደግሞ የማዘጋጃ ቤት መጋዘን ወንበር ቆጣሪ ሆኑ። ያንን ቀን ሳስብ ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ።

የሻረግ የቆላ ልጅ ናት፤ ከስማዳ ወደ ገደሉ ከሚወርደው አገር። ረጅም፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ንግግሯ ቁጥብ፤ አንዲት አረንጓዴ ሹራብ አለቻት፣ በጋ ክረምት አታወልቃትም። አባቷ በሬዎች ላሉት አንድ ጎልማሳ ቃል ሰጥቶባታል። ስንት ለምና፣ ስንት አልቅሳ «የብቃት ምዘናውን አልፈሽ ሥራ ከያዝሽ ነገሩን አፈርሳለሁ፤ ካላለፍሽ ግን ወርደሽ ታገቢያለሽ» አሰኝታው ነው ከተማ የቆየችው። ምዘናው ደግሞ በወሬ አይታለፍም፤ መዛኙ ፊት ብረት አግለህ፣ ቀጥቅጠህ፣ ቅርጽ አስይዘህ ማሳየት ነው። ወንበር ቆጥራ እንዴት አድርጋ ታልፋለች? አንድ ቀን ከማዘጋጃ ቤት እንደወጣች ቤቴ ድረስ መጣች።

«መምህር፣ አያ ሙጬ ዘንድ ይውሰዱኝ» አለች።

«አባትሽስ?»

«አባቴ ማረሻውን የሚያሠራው እሳቸው ዘንድ አይደል?»

«ማረሻና ልጅ አንድ ነው እንዴ?»

«ወርጄ ከማገባ ቢበሉኝ ይሻለኛል» አለች፤ አለችና ራሷ ደንግጣ አፏን ያዘች። ሳቄ መጣ። በዚያ ከተማ ቃሉን ፊት ለፊቴ የተናገረችው እሷ ብቻ ናት፤ ሌላው ከኋላዬ ነው የሚያወራው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደድኳት።

አያ ሙጬ አልሳቀም። «አብደሃል? ነገ ራሷን ቢያማት፣ ሆዷን ቢቆርጣት፣ በላት የምባለው እኔ ነኝ። አንተ ዲፕሎማህን ይዘህ ባሕር ዳር ትገባለህ፤ እኔ የት እገባለሁ?» ብሎ ጮኸብኝ። እውነቱን ነው። የሻረግን ግን ጭቅጭቃችን ደንታም አልሰጣትም፤ ወናፉ አጠገብ ቁጢጥ አለችና እሳቱን ትነፋ ጀመር። «ኧረ ተነሺ! አንቺ ልጅ፣ ተነሺ አልኩሽ!» ይላል፤ እሷ ትነፋለች። እሳቱ ተንቦገቦገ፣ ብረቱ ጋለ፤ የጋለ ብረት ደግሞ ጭቅጭቅ እስኪያልቅ አይጠብቅም፣ አያ ሙጬ እያጉረመረመ ይቀጠቅጥ ጀመር። በማግሥቱም መጣች፣ በማግሥቱም ተቆጣ፣ እንዲያ እያሉ ከረሙ።

እዚህ ላይ ስደርስ ሕይወት ከወንበሯ ብድግ ልትል ምንም አልቀራት። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አሁን በጣም የሚፈለግ አዝማሚያ ነው! አገር በቀል የማስተማር ስልት!» ብላ ስልኳ ላይ ትጽፍ ጀመር። ኧረ ወዲያ! የምን ስልት? ወንድሜን እወደዋለሁ፣ ግን ማስተማር የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ይሳደባል። ስታበላሽ «እግዜር ይይልሽ!» ብሎ ከእጇ ይነጥቅና ራሱ ይሠራዋል፤ ለምን እንደተበላሸ አይነግራትም። ብትጠይቀው «ዓይን የለሽም?» ነው መልሱ። አንዴ ጉጠት ወርውሮባት ለጥቂት ነው የሳታት። እሳት ግን ነበረው። በየቀኑ የሚነድ እሳት፣ በየቀኑ የሚቀጠቀጥ ብረት፣ በየቀኑ ደጁ ላይ ቆሞ «አድርስልኝ እንጂ!» የሚል ገበሬ ነበረው። እኛ ማሰልጠኛ ውስጥ የጎደለን እሱ ነው፤ ስልትማ ሞልቶን ተርፎን ነበር። ሁዳዴ ሲጋመስ የሻረግ ማጭድ ለብቻዋ ጀምራ ትጨርሳለች። ማጭዷን ገዝተው የሚሄዱ ገበሬዎች «ይህች የገበሬ ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች?» እያሉ በዓይናቸው ይበሏታል፤ ሰው በዓይን መብላትስ እሱ ነበር።

ለፋሲካ ቤተሰቦቿ ዘንድ ቆላ ወርዳ ሰነበተች። ስትመለስ ምዘናው ደርሷል። ወዲያው ትኩሳት ጣላት። ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ሲያተኩሰው ወባ መሆኑን ሕፃን ያውቃል። አከራይዋ ግን «ተበላች!» ብላ ጩኸቷን አቀለጠችው። ሰምቼ ስደርስ ቤቱ ጢም ብሏል። መደቡ ላይ አጋድመው፣ ነጠላ አከናንበው፣ የማላውቀው ሥርና ጨርቅ ያጨሱባታል። የተበላ ሰው ጭሱ ሲበረታበት የበላውን ስም ይለፈልፋል ይላሉ፤ ስም ከወጣ ያ ሰው ተጠርቶ ይተፋበታል፣ ሲተፋበት ይለቀዋል። አከራይዋ ከላይዋ ቆማ «ማን በላሽ? ስሙን ጥሪ!» ትላለች።

«ወባ ናት! ጤና ጣቢያ እንውሰዳት!» አልኩ።

«ወባማ ብትሆን ታንቀጠቅጣት ነበር።»

«ይኸው እየተንቀጠቀጠች አይደል?»

«የቡዳም ያንቀጠቅጣል!» አለችኝ። ከዚህች ሴት ጋር ምን ትከራከራለህ? «የተበላ ሰው መርፌ ከተወጋ ይሞታል። ሳይለቃት ከዚህ ቤት አትወጣም» አለች፤ ወንዶቹም በሩን ይዘው ቆሙ። እኔን ማን ይሰማኛል? እኔም የዚያው ዘር ነኝ። አንዱማ ዓይኔን እንዳያይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ልጁን ብረት ያስተማርኩት ሰው ነው።

የሻረግ ስም አልጠራችም። ዓይኗ ቀልቷል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ በጭሱ እየታፈነች «ማንም… ማንም አልበላኝም… ውሃ» ትላለች። ውሃውን ከልክለው ጭሱን ይጨምራሉ። «ሙጬ» ብትል በዚያች ቅጽበት ይተዉአታል፤ ታውቃለች። አላለችም። ይህችን ልጅ ነው በኋላ ተነሳሽነት የላትም ያሉኝ!

አባቷ ለገበያ ወጥቶ ኖሮ ወሬውን ሰምቶ ደረሰ። አልጮኸም። ልጁን አየና ወደ እኔ ዞሮ «ወንድምህን አምጣልኝ። ይትፋላት» አለ። መጥራት አላስፈለገም፤ አያ ሙጬ የቆዳ ሽርጡን ሳይፈታ በሩ ላይ ደርሷል። ሰው ሁሉ ገለል አለለት። እጁን ለቀም አደረግኩት።

«እንዳትተፋ አያ! ከተፋህ አመንክ ማለት ነው! ልጆችህስ?»

«ካልተፋሁስ?»

«ወባ ናት!»

«ወባ መሆኗ ጠፍቶኝ ነው?» አለ። «እስክተፋላት ድረስ ወደ መርፌው አይለቋትም። አንተ እስክታስረዳቸው ትሙት?»

እጁን አስለቀቀኝ። ገባና ግንባሯ ላይ እንትፍ አለ። ከዚያ ቤቱ ውስጥ ላሉት ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ «እኔ ነኝ የበላኋት። ለቅቄያታለሁ። አሁን ውሰዷት!» አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። ወንዶቹ ቃሬዛ ይዘው ጤና ጣቢያ አደረሷት፤ ተወጋች፣ ክኒኗን ዋጠች፣ ዳነች። ያዳናት ምራቁ ነው ተባለ። እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው የሚባለው፤ ስከራከር ኖሬ አንድ ሰው አላሳመንኩም።

በራሱ አፍ አምኗልና ከዚያ ወዲያ በከተማዋ የታመመ ሁሉ የሙጬ ሆነ። ሕፃን ባስነጠሰው ቁጥር በሩን ይደበድባሉ፤ ጎጆውን እናቃጥላለን የሚሉም ተነሱ። ወናፉንና ልጆቹን ይዞ ተሰደደ፤ በሰው አገር ሞቶ በሰው አገር ተቀበረ። ክረምት ሲቃረብ እነዚያው ሰዎች ማሰልጠኛው ድረስ መጥተው «መምህር፣ ማረሻችንን ማን ይሥራልን?» አሉኝ። አፈር ብሉ አልኳቸው። ምዘናውም የሻረግ አልጋ ላይ እንዳለች አለፈ። ባለክራቫቱን ለመንኩት፣ እኔ ማንንም የማልለምን ሰው። «ዙሩ ተዘግቷል፤ ለሚቀጥለው ትመዝገብ» አለኝ። አባቷ ደግሞ የሚቀጥለውን አልጠበቀም። እግሯ እንደጸና በቅሎ ላይ አስቀምጦ ይዟት ወረደ። ስትሄድ አላለቀሰችም፤ «መምህር፣ እችለው ነበር እኮ» ብቻ አለችኝ። ትችለው ነበር! የዚያ ዓመት ሪፖርት ሲነበብ ሴት ሰልጣኞች ለሙያው ባላቸው ዝቅተኛ ተነሳሽነት ምክንያት ያቋርጣሉ አለ። ያን ጊዜ አላጨበጨብኩም፤ ወንበሬን ገፍቼ ወጣሁ።

ይህን ሁሉ ነገርኳት። ሕይወት ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ሻይዋ ቀዝቅዞ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነው የጨረስኩት። «በጣም ያሳዝናል ጋሼ» አለች። ከዚያ መጠይቁን የጫነችበትን ስልኳን አነሳች። «እና… ሰልጣኟን በተመለከተ ምን ልሙላ? ጨርሳለች፣ ወድቃለች፣ አቋርጣለች፣ እነዚህ ናቸው ምርጫዎቹ።»

«ከልክለናታል የሚል የለውም?»

«የለውም ጋሼ።»

«ጨምሪበት።»

«አማካሪዬ ያጸደቁት ነው፤ አሁን መቀየር አልችልም። ሳይሞላ ደግሞ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አያሳልፍም።»

«እንግዲያው አትለፊ» አልኳት። «እዚያው ጥያቄ ላይ ቁሚ።»

ጣቷን ስልኩ ላይ አንጠልጥላ ጥቂት አመነታች። ከዚያ «አቋርጣለች» የሚለውን ነካችና ወደሚቀጥለው አለፈች።